የተወደደ ግን የማይሰየም ስም፦ «በራ» እና የሴት ልጅ ስም አወጣጥ በቀደምት ሙስሊሞች ዘንድ

ወላጅ ለልጁ ከሚሰጠው ስጦታ ሁሉ ስም ቀዳሚው ነው። ልጅ ሀብት ከመውረሱ፣ ዕውቀት ከመቅሰሙ በፊት ስም ይወርሳል፤ ይህን ውርስ ግን ራሱ አይመርጠውም። ስለዚህ ስም የሚያወጣ ሰው በሌላ ሰው ዕድሜ ላይ ይወስናል ማለት ነው። ይህን የሚያስተውሉ ወላጆች ዘንድ ሁለት ዓይነት ስሞች አሉ። አንደኛው የሚወዱትና ለልጃቸው የሚያወጡት ነው። ሁለተኛው የሚወዱት፣ ሲሰሙትም ደስ የሚላቸው፣ ነገር ግን በልጃቸው ላይ የማያኖሩት ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል። ሁለተኛው ግን አንድ ማኅበረሰብ ስለ ሰው ልጅ፣ በተለይም ስለ ሴት ልጅ፣ ያለውን አስተሳሰብ ይበልጥ ይገልጣል ብለን እናምናለን፤ ሰው የሚጠላውን ቢተው አያስገርምምና፤ የሚወደውን ሲተው ግን ምክንያቱ ሊጠየቅ ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከእነዚህ ስሞች አንዱን ነው፤ «በራ» ይባላል። «ራ» ጠብቆ ይነበባል። ታሪኩ ከመካ ተነሥቶ በሐበሻ ምድር በኩል መዲና ይደርሳል። በመጨረሻም በእኛ አገር ሙስሊም ቤተሰቦች ውስጥ ዛሬም ወደሚነሣ ጥያቄ ይመልሰናል።

ስሙና ቤተሰቡ

«በራ» የሚለው ቃል «ቢር» ከሚለው ሥር የወጣ ነው። «ቢር» በጎነትን፣ ታዛዥነትን፣ ለወላጅ መልካም መዋልን ሁሉ ያቅፋል። ቅዱስ ቁርኣን ይህን ሥር በከፍተኛ ስፍራ ይጠቀምበታል። በሱረቱ አጥ-ጡር (52፡28) «አል-በር» ከአላህ ስሞች አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል። በሱረቱል ኢንፊጧር (82፡13) የጀነት ሰዎች «አብራር» ተብለዋል። በሱረቱ መርየም (19፡14 እና 32) ነቢዩ የሕያ ለወላጆቻቸው፣ ነቢዩ ዒሳ ደግሞ ለእናታቸው በጎ ዋዮች እንደሆኑ የተነገረው በዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ «በራ» ማለት «በጎዋ»፣ «ደጓ» ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምን የሴት ስም ይገኛል?

ዐረቦችም ይህን ስም ይወዱት ነበር፤ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የራሳቸው ቤተሰብ ለዚህ ምስክር ነው። የኢብኑ ኢስሓቅ ሲራ፣ ኢብኑ ሂሻም ባስተላለፉት መልኩ፣ የነቢዩን እናት የአሚናን የዘር ሐረግ ሲዘረዝር የአሚና እናት በራ ቢንት ዐብዱልዑዛ እንደነበሩ ይነግረናል። በእናት በኩል ሁለት ትውልድ ከፍ ብንል ደግሞ በራ ቢንት ዐውፍ የተባሉ ሌላ ሴት እናገኛለን። በአባት በኩልም ከዐብዱልሙጦሊብ ሴቶች ልጆች አንዷ፣ ማለትም የነቢዩ አክስት፣ በራ ይባሉ ነበር። ይኸው ሲራ ዐብዱልሙጦሊብ የዘምዘምን ጉድጓድ እንዲቆፍሩ በሕልማቸው ሲታዘዙ ጉድጓዱ በተለያዩ ስሞች እንደተጠራላቸው ይዘግባል፤ ከስሞቹ አንዱ «በራ» ነው። ስሙ ከአያት፣ ከአክስትና ከተባረከ ውሃ ጋር የተቆራኘ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ሥር የሰደደ ስም ነበር ማለት ነው።

ከሐበሻ የተመለሰች ሕፃን

የነቢዩ አክስት በራ ቢንት ዐብዱልሙጦሊብ አቡ ሰለማን ወለዱ። አቡ ሰለማና ባለቤታቸው ኡሙ ሰለማ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ቀደምት ሙስሊሞች መካከል ነበሩ። ሴት ልጅ ወለዱና ስሟን በራ አሏት። የሶሓቦችን የሕይወት ታሪክ ከጻፉት ብዙዎቹ ይህች ልጅ የተወለደችው እዚሁ በሐበሻ ምድር እንደሆነ ያወሳሉ። የሕፃኗ ስም የአባቷ እናት ስም መሆኑን ስናስተውል፣ ከአገር ርቀው የሚኖሩ ወላጆች አያትን በልጅ ስም ማስታወሳቸው ይታየናል። በስደት ላይ ያለ ሰው ቤቱን የሚሸከመው በስም ነውና።

አቡ ሰለማ በኡሑድ ዘመቻ ከቆሰሉ በኋላ በ4ኛው ዓመተ ሂጅራ አረፉ። ነቢዩ ኡሙ ሰለማን አገቡ፤ ትንሿ በራም በነቢዩ ቤት አደገች። በዚያ ቤት ሳለች ስሟ ተቀየረ። ኢማም ሙስሊም (በ261 ዓ.ሂ. ያረፉት) በ«ሶሒሕ» ስብስባቸው ራሷ ልጅቷ አድጋ የተናገረችውን መዝግበዋል። ነቢዩ ሰዎች ራሳቸውን እንዳያወድሱ፣ ከመካከላቸው በጎዎቹን የሚያውቀው አላህ መሆኑን ከገለጹ በኋላ፣ ምን እንበላት ተብለው ሲጠየቁ ዘይነብ እንድትባል አዘዙ። ነገሩ ከሱረቱ አን-ነጅም (53፡32) ጋር የተያያዘ ነው፤ እዚያ ሰው ነፍሱን እንዳያጠራ ተከልክሏል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። ነቢዩ ያስቀየሩት የጠላት ስም፣ የጣዖት ስም ወይም ትርጉሙ የከፋ ስም አልነበረም። የአያታቸውን፣ የአክስታቸውን ስም ነው። የቃሉ ክብር አልተነካም፤ ቁርኣን ውስጥ እንዳለ ነው። የቀደሙት ሴቶች መታሰቢያም አልተፋቀም፤ የዘር ሐረግ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ በራ እያሉ ይጠሯቸዋል። ስሙ የተነሣው ከሕፃን አልጋ ላይ ብቻ ነው።

ሁለት ምክንያቶች

ይህ ለአንዲት ልጅ ብቻ የተደረገ አልነበረም። እናታችን ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ ቀድሞ በራ ይባሉ እንደነበርና ነቢዩ ዘይነብ እንዳሏቸው በዚሁ በሙስሊም ስብስብ ተዘግቧል። የበኑል ሙስጦሊቅ አለቃ ልጅ የነበሩት እናታችንም በራ ተብለው ሳለ ጁወይሪያ ተባሉ። የእናታችን መይሙና ቢንት አል-ሓሪስ የቀድሞ ስምም በራ እንደነበር ኢማም አል-ቡኻሪ (በ256 ዓ.ሂ. ያረፉት) «አል-አደብ አል-ሙፍረድ» በተባለው ድርሳናቸው ዘግበዋል። ስሙ ምን ያህል የተስፋፋ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል፤ ከነቢዩ ባለቤቶች መካከል ብቻ ሦስቱ ይህን ስም ይዘው ነበር የመጡት።

የዘገባዎቹን ምክንያት ስንመረምር ሁለት እናገኛለን። አንደኛው ከላይ የጠቀስነው ራስን ማወደስ ነው። ሁለተኛው በኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ዘገባ በጁወይሪያ ታሪክ ውስጥ የመጣው ነው፤ ነቢዩ «ከበራ ዘንድ ወጣ» መባልን ይጠሉ ነበር። ይህ አነጋገር «ከበጎነት ወጣ» የሚል ትርጉም ይይዛልና።

ሁለተኛውን ምክንያት አማርኛ ተናጋሪ ወዲያው ይረዳዋል። በሠፈራችን «በረከት ቤት አለች?» ተብሎ ሲጠየቅ «የለችም» የሚል መልስ ይሰጣል። «ሰላም መጣች?» ሲባል «ሰላም አልመጣችም» ይባላል። ተናጋሪው ክፉ ነገር አላሰበም፤ ቃሉ ግን ከአፉ ወጥቷል። የሰሙራ ኢብኑ ጁንዱብ (ረ.ዐ.) ዘገባም ትርፍን፣ ድልን፣ ምቾትን የሚያመለክቱ አንዳንድ የአገልጋይ ስሞች የተከለከሉት በዚሁ ምክንያት መሆኑን ይገልጻል፤ ስሙ ያለው ሰው እዚያ እንዳለ ተጠይቆ «የለም» እንዳይባል ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ግን ጥልቅ ነው፤ የሚመለከተውም የልጅቷን ነፍስ ነው። በጎነት የሥራ ፍሬ ነው፤ ሥራ ደግሞ በልብ ሐሳብ ይመዘናል፤ ልብን የሚያውቅ አላህ ነው። የሰባት ቀን ሕፃን በጎ ናት ብሎ መሰየም ገና ያልተሠራውን ሥራ መመስከር ነው። ልጅቷ ስታድግ ደግሞ ስሟን በተናገረች ቁጥር ስለ ራሷ ምስክርነት የምትሰጥ ትመስላለች። በአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ዘገባ መሠረት በራ የተባለችው ሴት ራሷን ታወድሳለች ተብሎ ይነገር ነበር። እሷ አላወደሰችም፤ ስሙን የመረጡት ሌሎች ናቸው፤ የሰው ወሬ ግን በእሷ ላይ ወደቀ። ወላጅ የወደደውን ሸክም የተሸከመችው ልጅ ናት።

በምትኩ የተሰጡትን ስሞች ስናይ ይህ ይበልጥ ይብራራል። ዘይነብን የቋንቋ ሊቃውንት መልኩ ያማረ፣ ሽታው የሚያውድ ዛፍ ስም ነው ይላሉ። ጁወይሪያ «ትንሽ ልጃገረድ» ማለት ነው። መይሙና «የተባረከች» ማለት ነው። ሦስቱም ያማሩ ናቸው፤ አንዳቸውም ግን ልጅቷ ስለ ሠራችው ሥራ አይናገሩም። በእኛ አመለካከት ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ መባረክ ከአላህ የሚመጣ ስጦታ ነው፣ ለልጅ ይለመናል፤ በጎነት ግን ልጅቷ ራሷ ዕድሜዋን ሙሉ የምትሠራው ነው፣ አስቀድሞ አይፈረምላትም።

የመዲናው አባት

ትንሿ ዘይነብ አድገው በመዲና በዕውቀታቸው ከታወቁ ሴቶች አንዷ ሆኑ፤ የፊቅህ ዕውቀታቸውን ታቢዒዮች መስክረውላቸዋል። ያረፉትም በ73 ዓ.ሂ. ገደማ ነው። በዚህ ዘመናቸው ሙሐመድ ኢብኑ ዐምር ኢብኑ ዐጧእ የተባሉ ታቢዒይ ሴት ልጅ ወለዱና በራ ብለው ሰየሟት። ዘይነብ ይህን ሲያውቁ ነቢዩ ይህን ስም እንደከለከሉና እሳቸውም ራሳቸው በራ ይባሉ እንደነበር ነገሯቸው። ከላይ የጠቀስነው የሙስሊም ዘገባ የደረሰን በእነዚሁ አባት በኩል ነው።

ይህ አጭር ዘገባ ለታሪክ ተመራማሪ ብዙ ይናገራል። በመጀመሪያ፣ ከነቢዩ ዕረፍት በኋላም ስሙ በሰው ልብ ውስጥ እንደተወደደ መቆየቱን ያሳያል፤ ሐዲስ ዘጋቢ የሆኑ ሰው እንኳ ለልጃቸው መርጠውታል። ሁለተኛ፣ ዕውቀቱ የተላለፈው ስሙን ራሳቸው በተሸከሙ ሴት አማካይነት ነው። ዘይነብ የነገሩት ስለ ሌላ ሰው የሰሙትን አይደለም፤ በራሳቸው ላይ የደረሰውን ነው። ሦስተኛ፣ አባትየው ስለ ልጃቸው ስም የተሰጣቸውን እርማት ራሳቸው ለትውልድ አስተላልፈዋል። የወደደውን ስም የመረጠ አባት፣ ምክንያቱን በሰማ ጊዜ ሳይደብቅ ለሌሎች ወላጆች ተናገረ።

ምክንያት ያልሆነው ነገር

ወላጆች አንድን ስም ወደው የሚተዉበት ሌላ የተለመደ ምክንያት አለ፤ ስሙን ይዞት የነበረው ሰው ክፉነት ነው። የሲራ መዛግብት ግን ይህን እንደ ምክንያት ሲያዩ አናገኝም። በሱረቱል መሰድ የተወገዘችው የአቡ ለሀብ ሚስት ኡሙ ጀሚል ስሟ አርዋ ነበር። ሆኖም ከነቢዩ አክስቶች አንዷም አርዋ ይባሉ ነበር፤ በኋላም በየመን የሱለይሒይ ሥርወ መንግሥት ንግሥት የነበሩት፣ በ532 ዓ.ሂ. (1138 እ.ኤ.አ.) ያረፉት፣ አርዋ ይባላሉ። በኸይበር ለነቢዩ የተመረዘ የበግ ሥጋ ያቀረበችው ሴት ደግሞ ስሟ ዘይነብ ቢንት አል-ሓሪስ ነው። በራን የተካው ስም የመራዧ ሴት ስም ሆኖ ሳለ ከሙስሊሞች ቤት አልጠፋም። የአንዲት ሴት ኃጢአት በሌላዪቱ ስም ላይ አይጻፍም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላም ነገር አለ፤ ለእኛ አገር ቅርብ ስለሆነ ልንዘነጋው አንወድም። ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) ነቢዩ በረካን ጨምሮ አንዳንድ ስሞችን ሊከለክሉ አስበው እንደነበር፣ ኋላ ግን ዝም እንዳሉና ሳይከለክሉ እንዳረፉ፣ ከዚያም ዑመር (ረ.ዐ.) ሊከለክሉ አስበው እንደተዉት ዘግበዋል። ነቢዩን በሕፃንነታቸው የተንከባከቡት፣ ኋላም የዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ ባለቤትና የኡሳማ እናት የሆኑት ኡሙ አይመን ስማቸው በረካ ነበር፤ የሐበሻ ተወላጅ እንደነበሩ ኢብኑ ሺሃብ አዝ-ዙህሪ ገልጸዋል። ብዙ ጊዜ የሚጠሩት በልጃቸው በአይመን ስም ቢሆንም፣ የመዝገብ ጸሐፊዎች በረካ የሚለውን ስማቸውን ጠብቀውታል። አንድ ስም ለአዲስ ልጅ ባይመከርም፣ ያረጀች፣ የተከበረች ባለቤቱን ለማሳፈር መሣሪያ አልሆነም።

የሊቃውንት ሚዛን

ኢማም አን-ነወዊ (በ676 ዓ.ሂ. ያረፉት) በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ከላይ በሰሙራ ዘገባ ውስጥ የመጣው ክልከላ የመጥላት እንጂ ሐራም የማድረግ እንዳልሆነ፣ በሊቃውንት አነጋገር «ከራሀቱ ተንዚህ» እንደሆነ አስረድተዋል። ኢብኑል ቀይም (በ751 ዓ.ሂ. ያረፉት) «ቱሕፈቱል መውዱድ» በተሰኘው፣ ስለ ሕፃናት ድንጋጌዎች በጻፉት መጽሐፍ፣ ለስም አወጣጥ ሰፊ ቦታ ሰጥተው በስምና በተሰያሚው መካከል ትስስር እንዳለ ያስተምራሉ።

የጉዳዩን ለስላሳነት የሚያሳይ ሌላ ምስክር ቡኻሪ ዘግበውልናል። የታላቁ ታቢዒይ የሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ አያት ስማቸው ሐዝን ነበር፤ «ሻካራ፣ አስቸጋሪ መሬት» ማለት ነው። ነቢዩ ሰህል፣ ማለትም «ለስላሳ»፣ እንዲባሉ ሐሳብ አቀረቡላቸው። ሰውየው አባቴ ያወጣልኝን ስም አልቀይርም አሉ። ስማቸው ሐዝን እንደሆነ ቀረ። ሰዒድም ከዚያ ወዲህ ሻካራነቱ ከቤተሰባችን አልለቀቀም ይሉ ነበር። ምክር ተሰጠ፤ ምክሩን ያልተቀበለው ሰው ግን አልተገደደም።

በአገራችን አፍና ፊደል

ይህ ሁሉ ወደ አማርኛ ሲመጣ አዲስ ጥያቄ ይነሣል። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት ከዑመር ሴቶች ልጆች አንዷ ዓሲያ ትባል ነበር፤ «አመፀኛ» ማለት ነው፤ ነቢዩም ጀሚላ አሏት። የፈርዖን ሚስት ግን ኣሲያ ናቸው። በሱረቱ አት-ተሕሪም (66፡11) ለምእመናን ምሳሌ ሆነው የቀረቡ፣ በሐዲስም ከሴቶች ሁሉ ታላላቆች ጋር የተቆጠሩ ናቸው። በዐረብኛ ሁለቱ ስሞች በመጀመሪያውም በመካከለኛውም ፊደል ይለያያሉ። በአማርኛ አነጋገር ግን «ዓ» እና «ኣ» አንድ ድምፅ ናቸው፤ የ«ሷድ» እና የ«ሲን» ልዩነትም በአፋችን ይጠፋል። እንግዲህ ልጁን አሲያ ያለ አባት የትኛዋን ጠራ? መልሱ በኒያው ላይ የተመሠረተ ነው። ስሙን ያወጣው የፈርዖንን ሚስት አስቦ ከሆነ ልጅቷ የከበረ ስም ይዛለች። ስሙን ሰምቶ ወዲያው ‹የተከለከለ ነው› የሚል ሰው ዐረብኛውን ሳያጣራ የልጅቷን ልብ ይሰብራል።

«በራ» ራሱም በአማርኛ ጆሮ ብርሃንን ያስታውሳል፤ መብራቱ በራ እንላለንና። ደስ የሚል ስም ይመስላል፤ ቢሆንም በሙስሊሙ ሠፈር የሚሰማው ዘይነባ ነው። ዐብዱልሙጦሊብ በሕልማቸው ከሰሟቸው የጉድጓዱ ስሞች መካከል ጦይባና ዘምዘም በየቤታችን ይጠራሉ።

የሚወደድን ስም በክብር መተው የሙስሊሞች ልማድ ብቻ እንዳልሆነም እናስተውል። መርየም በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ለሴት ልጅ በቀጥታ ይወጣል። በክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልማድ ግን ማርያም የሚለው ስም ብቻውን አይሰጥም፤ ወለተ ማርያም፣ አመተ ማርያም እየተባለ በሌላ ቃል ይታጀባል። ሁለቱም ወገኖች ስሙን ያከብራሉ፤ አንዱ በመስጠት፣ ሌላው በመራቅ። በእስልምናም ለአላህ ብቻ የሚገቡ ስሞች ለሰው ብቻቸውን አይሰጡም፤ ወንዱ ዐብዱረሕማን፣ ሴቷ በየመን እንደተለመደው አመቱረሕማን ትባላለች። በግዕዝ «አመት» በዐረብኛ «አመህ» የሚባለው ቃል ከአንድ የሴም ሥር የመጣ ነው፤ ሁለቱም «አገልጋይ ሴት» ማለት ናቸው። ፍቅርን ከክብር ጋር የማስማማት ጥበብ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ አንድ ቃል ተጠቅሟል።

የቆመልን ጥያቄ

ዛሬ ኢማን፣ ሷሊሓ፣ ተቂያ የሚባሉ ልጆች አሉን። አንዳንዱ ሰው በራ የተባለውን ሐዲስ ጠቅሶ ያደገችን ሴት ስምሽን ቀይሪ ይላል። ስሟ በትምህርት ማስረጃዋ፣ በኒካሕ ውሏ፣ በፓስፖርቷ ላይ ተጽፏል፤ የሞቱ ወላጆቿ የጠሯት በዚያ ስም ነው። ሌላው ደግሞ ስም ድምፅ ብቻ ነው፣ ካማረ ይበቃል ይላል። ታሪኩ ለሁለቱም ወገን የሚለው አለው።

ለሁለተኛው ወገን፣ ስም ሸክም መሆኑን በራ የተባሉት ሴቶች ያስተምራሉ። ወላጅ ስም ሲመርጥ ጥያቄው ‹እኔ እወደዋለሁን?› ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ‹ልጄ ይህን ስም ተሸክማ ስትኖር ስሙ ምን ይጠይቃታል?› የሚለውም አብሮ ይታይ። ለመጀመሪያው ወገን ደግሞ፣ ሊቃውንት ተንዚህ ያሉትን ክልከላ ሐራም አስመስሎ ማቅረብ ከሚዛን መውጣት ነው። ከዚህም በላይ ሐዲሱ የተቆረቆረው ሴቷ በስሟ ምክንያት የሰው ወሬ ሰለባ እንዳትሆን ነው፤ ይህንኑ ሐዲስ ይዞ በስሟ ምክንያት እሷን መውቀስ ዓላማውን ይገለብጣል። ለሚወለደው ምክር ይሰጣል፤ ለተሰየመችው ደግሞ ዱዓ ይደረጋል፣ ስሟ የሚያመለክተውን አላህ ይወፍቃት ዘንድ።

የሚወዱትን ስም መተው፣ በቀደምቶቹ ዘንድ፣ ለልጅ የሚከፈል የመጀመሪያው ሐቅ ነበር። አያት በራ በዘር ሐረግ መዝገብ ውስጥ በክብር አሉ። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ዘይነብ ተብለው፣ በጎነታቸውን በስማቸው ሳይሆን በዕውቀታቸው አስመሰከሩ።